ጨውን በሞርሳ፦ ግፊትና ኤሌክትሪክን ለክፍል ማሳየት

ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የቤተ ሙከራችን ቁልፍ አለ፣ ዕቃው የለም። ስለዚህ ግፊት ኤሌክትሪክ ላይ ምን እንደሚሠራ የማሳየው የኮንዶሚኒየም በር ከሚበይዱ ጎረቤቶቼ ሞርሳ (ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ተውሼ ነው።

ያለቀ ተራ የባትሪ ድንጋይ ፈልጉ፤ አልካላይን አይሆንም። መሐሉ ያለውን የካርቦን ዘንግ አውጥታችሁ እጠቡት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ አድቅቁት። ዱቄቱን ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ውስጥ ጨምሩና ግራና ቀኙን በቡሎን ዝጉ። የቴስተሩን ሽቦዎች ከቡሎኖቹ ጋር አገናኙ፤ መለኪያውን ኦም (ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚታገድ የሚለካበት) ላይ አድርጉት። የሞርሳው መንጋጋ ብረት ስለሆነ በሁለቱም በኩል እንጨት ጣል አድርጉ። ያለዚያ የምትለኩት ሞርሳውን ነው።

ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ተማሪው ያጨበጭባል። እዚህ ላይ ግን እንዳትሸወዱ! ካርቦኑ ድሮም አስተላላፊ ነው፤ የተሻሻለው የቅንጣቶቹ መነካካት ብቻ ነው።

አሁን ሌላ ቱቦ ውስጥ ጨው አድርጉና ድገሙት። ክረምት ከሆነ መጀመሪያ መጥበሻ ላይ አድርቁት፤ እርጥበት ከያዘ ቴስተሩ ይዋሻል። የቻላችሁትን ያህል ብታጠብቁም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ለምን? ጨው ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ታስረዋል፤ ነፃ ለመውጣት ሰፊ የኃይል ክፍተት መሻገር አለባቸው። አተሞችን በጣም ካቀራረባችኋቸው በብዙ ቁሶች ላይ ክፍተቱ እየጠበበ ሄዶ ይዘጋል። ለምሳሌ አዮዲን ብረታዊ፣ ማለትም እንደ ብረት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ፣ የሚሆነው 16 ጊጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሙሉ ክብደቱን 1 ሚሊሜትር ካሬ ላይ ቢያሳርፍ 0.6 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። እንግዲህ ትርፍ የጫኑ የሁለት ሚኒባስ ተሳፋሪዎች በዚያች ነጥብ ላይ ይቁሙ ማለት ነው። ዜነን የተባለው ጋዝ ደግሞ ከ130 ጊጋፓስካል በላይ ይፈልጋል።

ተመራማሪዎች ይህን የሚያደርጉት ጫፋቸው በተሞረደ ሁለት አልማዞች መሐል ናሙናውን በመጭመቅ ነው። ጫፉ ኢምንት ስለሆነ ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። አልማዙ ብርሃን ስለሚያሳልፍም ውስጡ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ጎበዝ ተማሪ ካለ ሶዲየምን ጠይቁት። እሱ ብረት ነው፤ በ2009 እንደታተመው ግን 200 ጊጋፓስካል አካባቢ ሲደርስ በተቃራኒው ብርሃን አሳላፊና የማያስተላልፍ ሆኗል። ኤሌክትሮኖቹ በአተሞቹ መካከል ባሉ ክፍት ቦታዎች ተወሽቀው ይቀራሉ።