ስምንት ወንበር ይበቃል፦ የካቶሊክ ባለሙያዎች ክበብ እንዴት ይጀመራል

ይሄን የምጽፈው ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆማችሁ ስለ ሥራችሁ ለምታማርሩ ነው። ነርስ፣ መሐንዲስ፣ መምህር፣ ጠበቃ፣ የሒሳብ ሠራተኛ። እሁድ ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፤ ሰኞ ጠዋት ግን እያንዳንዳችን ለብቻችን ነን። መሥሪያ ቤት የሚገጥመን ጣጣ ቤተ ክርስቲያን አይነሣም። ቤተ ክርስቲያን የሰማነው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ይቀራል።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የተሰባሰቡበት ሰዎች አሉ። ንቅናቄው ፓክስ ሮማና ይባላል፣ «የሮማ ሰላም» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስዊዘርላንድ ውስጥ ፍሪቡርግ ከተማ የጀመሩት የካቶሊክ ተማሪዎች ናቸው፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። ተማሪ ሁልጊዜ ተማሪ ሆኖ አይቀርም። ተመርቆ ሥራ ይይዛል፣ ያገባል፣ አለቃ ይኖረዋል። ስለዚህ በ1947 ንቅናቄው ሁለት ክንድ አወጣ፤ አንዱ የተማሪዎች፣ ሌላው የተመራቂዎች ማለትም የምሁራንና የባለሙያዎች። የሚመሩት ምእመናን ናቸው። ካህን አማካሪ ሆኖ አብሯቸው ይቀመጣል እንጂ ሰብሳቢ አይደለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ሲባል ብዙ ሰው ጄኔቭን፣ የተባበሩት መንግሥታትን፣ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎችን ያስባል። እሱም አለ። ንቅናቄው በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት የአማካሪነት ቦታ ያገኘው በ1949 ነው። ግን ነገሩ የሚኖረው ታች ነው፣ በየከተማው ጠረጴዛ ዙሪያ በሚቀመጡ ጥቂት ሰዎች። እናንተም ከዚያ ነው የምትጀምሩት። ማኅተምና መተዳደሪያ ደንብ ይቆዩ።

ይሄን የምለው ተቃጥዬበት ነው። የመጀመሪያ ሙከራችን የፈረሰው በደንብ ነው። አራት ስብሰባ ሙሉ ስለ አንቀጾች ተከራከርን። ምክትል ጸሐፊ ያስፈልጋል አያስፈልግም ተባባልን። አምስተኛው ላይ አንድ የተማረ ወዳጃችን በሃይማኖትና በሳይንስ ግንኙነት ላይ ጽሑፍ አቀረበ፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። አጨበጨብን። በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ሰው መጣ።

ማንን ትጠራላችሁ

ከስድስት እስከ አሥር ሰው ጥሩ ነው። ስምንት ከሆናችሁ ሁሉም ይናገራል፣ ሁለት ሰው ቢቀርም ስብሰባው አይፈርስም። ሙያው የተደባለቀ ይሁን። ሐኪም ብቻ ከሆናችሁ ስለ ሆስፒታል አሉባልታ ማውራት ትጀምራላችሁ፣ ማንም «ቆይ፣ ይሄ ለምን ትክክል ሆነ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ አይኖርም። አንዲት መምህርት የሐኪሞችን ጨዋታ ስትሰማ የምትጠይቀው የሞኝ የሚመስል ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። «ምሁር» የሚለው ቃልም አያስፈራችሁ። እኔ በበኩሌ ስለሚሠራው ሥራ የሚያስብ ሰው ሁሉ ምሁር ነው እላለሁ፤ ዲግሪ ደርድሮ የማያስብም አውቃለሁ።

አንድ ቤት ብቻ አትልመዱ። ከጽዋ ማኅበር ተራውን ውሰዱ፣ በየወሩ ቤት ይቀያየር። ከእቁብ ደግሞ ቀኑን ውሰዱ። የእቁብ ቀን አይረሳም፣ «ይመቻችኋል ወይ?» ተብሎ በቴሌግራም ድምፅ አይሰጥበትም። የወሩ ሁለተኛ ሐሙስ ከተባለ ሁለተኛ ሐሙስ ነው። ዝግጅቱም ቡናና ቆሎ ይሁን፤ ድግስ ከሆነ ሦስተኛው ባለ ተራ ላይ ሰው መሸሽ ይጀምራል።

ካህኑና ፈቃዱ

«መጀመሪያ ፈቃድ አያስፈልገንም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለመሰብሰብ አያስፈልግም። ምእመናን በነፃነት ማኅበር መመሥረትና መምራት እንደሚችሉ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ራሱ ይላል፦ በ1983ቱ የላቲን ሕገ ቀኖና ቁጥር 215፣ በ1990ው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ደግሞ ቁጥር 18። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም ይሠራሉ። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብር፣ ባሕር ዳር–ደሴ የግዕዝ ሥርዓት ስለሆኑ የሚመለከታቸው የምሥራቁ ነው፤ ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ ሐረርና የመሳሰሉት ሐዋርያዊ መንበሮች ላቲን ናቸው። ፈቃድ የሚያስፈልገው ስም ላይ ነው። ራሳችሁን «ካቶሊክ» ብላችሁ በይፋ ለመጥራት የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን መስማማት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ «የሐሙስ ቡድን» ተባሉ። ስሙ ሲያስፈልግ ወደ ጳጳሱ ትሄዳላችሁ።

የቁምስናችሁን ካህን ግን ከመጀመሪያው ንገሯቸው። በር ዘግቶ የሚሰበሰብ ቡድን ወሬ ይበዛበታል። ጥሯቸው፣ ግን ምን እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሯቸው። እኛ ያልነው እንዲህ ነው፦ «አባ፣ እንዲያስተምሩን ሳይሆን እንዲሰሙን ነው የምንፈልገው፤ መጨረሻ ላይ የሚሉት ካለ ይነግሩናል።» ትንሽ ደነገጡ። በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው ወደዱት። ችግሩ ያለው እኛ ጋ ነው። ካህን ባለበት ሁላችንም ፊታችንን ወደሳቸው አዙረን እንደ ተማሪ እንቀመጣለን። ለዚህ ያገኘነው መላ ቀላል ነው፦ አባ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ሰብሳቢው ደግሞ ከሳቸው ራቅ ብሎ።

ማየት፣ መመዘን፣ ማድረግ

አሁን ወደ ዋናው። ዘዴውን ያወጣው ፓክስ ሮማና አይደለም፣ ጆሴፍ ካርዳይን የሚባሉ የቤልጅግ ካህን ናቸው። የሠራተኛ ልጅ ነበሩ። ዘርዓ ክህነት፣ ማለትም የካህናት ማሠልጠኛ፣ ገብተው ለዕረፍት ቤት ሲመለሱ፣ ፋብሪካ የገቡት የልጅነት ጓደኞቻቸው እንደ ባዕድ አዩአቸው። ያ ነገር ዕድሜ ልክ አልለቀቃቸውም። በ1925 የወጣት ክርስቲያን ሠራተኞችን ንቅናቄ ሲያቋቁሙ ወጣቶቹን የጠየቋቸው ቀላል ነገር ነው። ሥራ ቦታችሁ ምን አያችሁ? በወንጌል ስትመዝኑት ምን ይመስላል? ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1961 «እናትና መምህር» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ አካሄድ በስም ጠቅሰው አጸደቁት። ዛሬ የተማሪውም የባለሙያውም ክበብ በየአገሩ የሚጠቀመው ይሄንን ነው።

ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው፣ ማየት። እኛ ሰዎች አናይም፣ እንፈርዳለን። ሰው ገና ታሪኩን ሳይጨርስ «ይሄማ ሙስና ነው!» እንላለን። ስለዚህ የስብሰባውን ግማሽ ለማየት ስጡት። አርባ ደቂቃ ጥያቄ ብቻ፦ ማን አለ? መቼ? በቃል ነው በጽሑፍ? ማን ተጠቀመ? ማን ተጎዳ?

አንድ ስብሰባችንን ላሳያችሁ። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች እህታችን ተራዋ ነበር። አለቃዋ ያለፈው በጀት ዓመት ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ሰጥቷት «አስገቢው» ብሏታል። ዕቃው በእርግጥ ተገዝቷል፣ ግን ቀኑ እውነት አይደለም። መጀመሪያ ስትነግረን በጣም አጠረባት፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ መጠየቅ ጀመርን። ብሩ ስንት ነው? ብዙ አይደለም። ለምን ቀኑ ተቀየረ? የተረፈ በጀት እንዳይመለስ። ሌላ ሰው ያውቃል? ሁሉም ያውቃል፣ በየዓመቱ ይደረጋል። አንቺ ከዚህ በፊት አስገብተሻል? እዚህ ላይ ዝም አለች። ሲኒዋን አዞረች። «ሁለት ጊዜ» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልንፈርድባት የተዘጋጀን ሁሉ የራሳችንን «ሁለት ጊዜ» አስታወስን።

መመዘኑ ላይ ሉቃስ ምዕራፍ 3ን አነበብን። ቀራጮች መጥምቁ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» ሲሉት ሥራችሁን ልቀቁ አላለም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያለው። ለወታደሮቹም ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ይህ ክፍል ለባለሙያ የተጻፈ ይመስለኛል። ከወንጌሉ ጋር የቤተ ክርስቲያንን ማኅበራዊ ትምህርትም አስገቡ፤ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ የ1891 የሠራተኞች መልእክት ጀምሮ ብዙ አለ፣ በ2004 ደግሞ በአንድ መድበል ተጠቃሎ ወጥቷል። ግን ሁሉን ለማንበብ አትሞክሩ። ለአንድ ስብሰባ አንድ ገጽ ይበቃል። ጥቅስ መደራረብ ከጀመራችሁ ወደ እኛ የአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጽሑፍ ተመልሳችኋል ማለት ነው።

ማድረግ። ደንባችን፣ የሚደረገው ነገር በአንድ ወር ውስጥ የሚያልቅና ሰው በስሙ የሚወስደው መሆን አለበት። «ሙስናን እንታገል» አይሆንም። እህታችን የወሰደችው ይህን ነው፦ ለአለቃዋ በትሕትና «ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» ልትለው። ጠበቃው ደግሞ የፋይናንስ ሕጉን አይቶ ሊነግራት።

በሚቀጥለው ወር መጥታ ነገረችን። ጠየቀችው። አለቃው ሳቀና ደረሰኙን ከእጇ ወሰደ። ከዚያ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ላለች፣ ገና በሙከራ ላይ ላለች ልጅ ሰጣት። ልጅቷ አስገባችው። እንግዲህ «አሸነፍን» የምንልበት ታሪክ ስንጠብቅ ይሄ መጣ። ግን የዚያን ቀን ስብሰባ እስከ ዛሬ ካደረግናቸው ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ጥያቄው ከ«እኔ እጄን እንዴት ላንጻ?» ወደ «ያቺን ልጅ ማን ያግዛት?» ስለዞረ። እህታችን ከልጅቷ ጋር ምሳ መብላት ጀመረች። እስካሁን የደረስንበት እዚህ ድረስ ነው።

ሲጠነክር

አንድ ዓመት ከቆያችሁ፣ በዓመት አንዴ ከከተማ ውጡ። ጣሊያኖቹን ተመልከቱ። የካቶሊክ ተመራቂዎች ንቅናቄያቸውን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካቋቋሙት አንዱ፣ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንፈሳዊ አባት የነበሩት ሞንቲኒ ናቸው፤ በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የሆኑት። እነዚህ ሰዎች በየክረምቱ ቶስካና ጫካ ውስጥ ባለው የካማልዶሊ ገዳም ይሰበሰቡ ነበር። በጁላይ 1943፣ አገሪቱ በቦምብ እየተደበደበች፣ የኢኮኖሚና የሕግ ባለሙያዎች እዚያ ተቀምጠው ከፋሺዝም በኋላ ስለሚመጣው አገር ተወያዩ፦ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ግብር፣ ስለ መንግሥት ድርሻ። ስብሰባው 24 ላይ አለቀ፤ በማግሥቱ ሙሶሊኒ ተያዘ። ጽሑፉ ተስተካክሎ በ1945 ታተመ። ከተሳተፉበት አንዱ ኤዚዮ ቫኖኒ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ በ1951 ጣሊያናውያን ገቢያቸውን በየዓመቱ እንዲያስታውቁ የሚያደርገውን ሕግ አወጣ። ኢትዮጵያን በወረረው ሰውዬ ዘመን፣ እዚያው አገሩ ውስጥ እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች መኖራቸው እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ ብዙ ቡድን የሚፈርሰው «ልጆቹን ማን ይያዝ?» በሚለው ነው። ፖላንዶች በ1956 በኮሚኒስት መንግሥት ሥር የካቶሊክ ምሁራን ክበቦችን ሲከፍቱ፣ የዋርሶው ክበብ የቤተሰብ ክፍል አቋቋመ፣ ልጆችን ክረምት ካምፕ ይወስድ ነበር። ከዚያ ክበብ መሥራቾች አንዱ ታዴዎሽ ማዞቪዬትስኪ በ1989 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እኛ ካምፕ የለንም። አንድ አባል በተራ ሌላ ክፍል ውስጥ ልጆቹን ይይዛል፣ በቃ።

ከዓለም አቀፉ ጋር መገናኘቱ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ሁለት ዓመት የሠራ ቡድን፣ የጳጳሱን ድጋፍ ይዞ፣ የሠራውን በሁለት ገጽ ጽፎ ቢልክ የሚነጋገርበት ነገር አለው። ባዶ ማኅተም ይዞ ከሄደ ግን የሚያገኘው የስብሰባ ግብዣ ብቻ ነው።

ለዛሬ የሚያስፈልጋችሁ አንድ መልእክት መላክ ነው። እኛ በሁለተኛው ሙከራ የላክነው ይሄ ነበር፣ ገልብጡት፦

«ሐሙስ በ11 ሰዓት ተኩል እኛ ቤት ቡና አለ። ስምንት ሰው ነን። ጽሑፍ የሚያቀርብ የለም። በዚህ ወር ሥራ ቦታ ከከነከናችሁ ነገር አንዱን ብቻ ይዛችሁ ኑ። በ2 ሰዓት እንለያያለን።»

በ2 ሰዓት የምር ተለያዩ።