የጤፍ አውድማን ከእህል ሰብሳቢ ጉንዳን እንዴት እንጠብቃለን?

ኅዳር ሲገባ በጎጃም ከቢቸና እስከ ደጀን፣ ከአዴት እስከ ሞጣ ጤፍ ይታጨዳል፣ ይከመራል። አውድማም ይለቀለቃል። ብዙ ሰው ጉንዳን ትዝ የሚለው ግን ምርቱ በነፋስ ከተዘራ በኋላ፣ ከክምሩ ሥር ቀጭን መስመር ሲጓዝ ሲያይ ነው። ያን ጊዜ ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው። ዋናው ሥራ ያለው እበቱ ከመለቅለቁ በፊት ነው። ለመኸር ቤተሰብ ለማገዝ ወደ አገር ቤት የምትሄዱም ይህን ሥራ ያለ ልምድ መሥራት ትችላላችሁ። የሚፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው እንደሆነ ለዩ

ነጣ ያለው፣ እንጨትና ገለባ የሚበላው ምስጥ ነው። በመንጋ ግር ብሎ የሚወጣው፣ ያገኘውን ነፍሳት ሁሉ እየነከሰ የሚያልፈው ደግሞ ሥጋ በል ጉንዳን ነው። እሱ የታሰረ ጥጃና ጫጩት ላይ ስለሚወጣ አደገኛ ነው፤ ጤፍ ግን አይሰርቅም። እህል ሰብሳቢው ባዶውን ሄዶ ፍሬ ነክሶ ይመለሳል። የጉድጓዱ አፍ ዙሪያ እብቅና የፍሬ ልጣጭ ተከምሮ ታያላችሁ።

ከመሬት በታች እውነተኛ ጎተራ አለው። ፍሬው በየጓዳው ይከማቻል። ትልልቅ ራስ ያላቸው ሠራተኞች ፍሬውን ይሰባብራሉ፤ ከዚያ አኝከው እንደ ሊጥ ያደርጉታል። ዝናብ ገብቶ እህሉ ከራሰ ወደ ውጭ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ጉድጓድ አፍ ላይ የተሰጣ ፍሬ ካያችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉበት።

ሁለተኛ፦ ከመለቅለቃችሁ በፊት ቦታውን ዙሩት

ጉንዳን ሙቀት ይወዳል። በደጋው የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ገና ከጉድጓዱ አይወጣም። ማልዳችሁ አይታችሁ «ምንም የለም» ብላችሁ እንዳትሄዱ። ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቅ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ ተመለሱ። ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ግን ቀኑ ሲያቃጥል ሥራውን ወደ ማታ ሊያዞረው ይችላል። እዚያ አመሻሽ ላይም እዩ።

መስመር ካገኛችሁ ፍሬ የያዘውን ተከተሉ፤ ወደ ቤቱ የሚወስዳችሁ እሱ ነው። መንገዳቸው በአስር ሜትሮች ሊርቅ ስለሚችል አውድማው ሜዳ ላይ ብቻ አትፈልጉ። ድንበሩን፣ የእርሻ ዳሩን፣ የአምናውን የአውድማ ቦታ ጭምር ፈትሹ። ጉድጓዱ ቅርብ ከሆነ አውድማውን አሽሹት። እኔ ከሁሉም የማምነው ይህን ነው። መሄጃቸውን ሽታ ባለው ምልክት ስለሚያሰምሩ መስመሩ ላይ የተዘረጋ እህል በየቀኑ ይጎበኛል። አንድ ጉንዳን አንድ ፍሬ ነው የሚወስደው፣ አንድ ኪሎ ጤፍ ደግሞ 3 ሚሊዮን ገደማ ፍሬ አለው። ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ አስቡት።

ሦስተኛ፦ ስንጥቅ አትተዉ

እበቱን ወፈር አድርጋችሁ ለቅልቁ፤ ሲደርቅ የተሰነጠቀውን ድገሙት። ከዚያ አውድማውን ዙሪያውን በስንዝር ስፋት ደረቅና የላመ አመድ ክበቡት። አመድ የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። ጤዛ ካረጠበው ወይም ነፋስ ከበተነው እንደገና አፍስሱ።

አራተኛ፦ ምርቱን አታሳድሩ

በሬ ያበራየው በዚያው ቀን ቢዘራና ቢሰፈር መልካም ነው። ነፋስ እንቢ ካለ ክምሩን ሸራ ላይ አድርጉ፣ የሸራውንም ዳር በአመድ ክበቡ።

የማይደረጉ

ጉድጓዱ ውስጥ ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ ወይም ነጭ ጋዝ አትድፉ። አውድማው ላይ የሚበተን መርዝ ከእህሉ ጋር እንጀራችሁ ውስጥ ይገባል። የፈላ ውሃም ከላይ ያሉትን ብቻ ይገድላል፤ ንግሥቷ በጣም ጠልቃ ስለምትኖር ሌሎች ትተካለች። እህል ላስመልስ ብሎ መቆፈርም አያዋጣም። በቻድ በረሃብ ጊዜ ሴቶች የጉንዳን ጎተራ ቆፍረው ፍሬ አውጥተው ቤተሰብ አብልተዋል። ያ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ የሚደረግ ነው።

ከአውድማ የራቀውን ጉድጓድ ተዉት። የአረም ዘር ይለቅማል፣ አፈሩን ያላላል።

ከነከሰ

በአሜሪካ አህጉር የሚኖሩት እህል ሰብሳቢዎች መርዛቸው ከነፍሳት ሁሉ ከከባዶቹ የሚመደብ ነው፤ ሕመሙ ለሰዓታት ይቆያል። ሜሶር የሚባሉት የአፍሪካ፣ የሜዲትራኒያን ዳርቻና የእስያ ዘመዶቻቸው በአብዛኛው በመንጋጋቸው ነው የሚጎዱት። ቢሆንም ባዶ እግሩን አውድማ ላይ የሚሮጥ ሕፃን ላይ በብዛት ሲወጡ ያስጨንቃል።

ቶሎ ከመስመሩ ራቁ፣ ልብሱን አውልቁና አራግፉ። ነክሶ የያዘውን ጎትታችሁ አውጡት። በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዙበት። አትከኩት፤ የታከከ ቁስል ያመረቅዛል። እበት ወይም ጭቃ አትቀቡበት። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍ ካለ፣ ካስመለሰ ወይም ካዞረው ግን የአለርጂ አደጋ ነውና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህ ሲሆን «እስኪ ይለፍለት» ብሎ መጠበቅ ሕይወት ያሳጣል።

አምስተኛ፦ ጎተራው

እህሉ ቤት ገባ ማለት ጉንዳን ረሳው ማለት አይደለም። እህሉ ያለበትን ማዳበሪያ ከረጢት መሬት ላይ ሳይሆን ርብራብ ላይ አስቀምጡ። ጎተራው የቆመባቸውን ድንጋዮች ዙሪያ ጥረጉ፤ እዚያም አመድ አድርጉ። ጎተራውን የተደገፈ እንጨት፣ ጭድ ወይም ሣር ካለ አንሱት፣ አመዱን ዘሎ የሚያሻግረው እሱ ነውና።