በሳልሳ ዳንስ ዙርን የሚያበላሹ ስህተቶች

በሳልሳ ዙር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመዞሩ በፊት ነው። ሳልሳ በጥንድ ይጨፈራል፤ አንዱ እንቅስቃሴውን ይመራል፣ ሌላዋ ትከተላለች። ጀማሪ ሁሉ የሚማረውን የተከታይዋን የቀኝ ዙር እንውሰድ። እርምጃው በስምንት የሙዚቃ ምት ይቆጠራል፤ በምት 1 በሚጀምረው አረጋገጥ ከስምንቱ 4 እና 8 እርምጃ የላቸውም፤ ተከታይዋ የምትዞረው በ5፣ በ6 እና በ7 ነው።

ዙርን ዘግይቶ መጠየቅ። መሪው «ዙሪ» የሚለው እጁን በማንሳት ነው፤ 5 ላይ ካነሳው ጊዜው አልፏል። ከ3 ጀምሮ ከፍ ማድረግ አለበት፤ እርምጃ የሌለባት 4 ተከታይዋ ክብደቷን የምትሰበስብባት ጊዜ ናትና። ይህችን ቅጽበት የነፈጋት መሪ «ለምን ዘገየሽ?» ሊላት አይገባም።

በእጅ ጎትቶ ማዞር። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ብዙ መሪዎች ወጥ የሚያማስሉ ይመስል የተከታይዋን እጅ ይዘው ትልቅ ክብ ይሠራሉ። እጁ ከአናቷ ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ሰውነቷ አብሮ ይዘማል፤ የዘመመ እንዝርት ደግሞ አይሾርም። አብራኝ የምትለማመድ አንዲት ልጅ ዙሯ ሁልጊዜ ወደ ጎን እየወሰዳት ትቸገር ነበር። ለሳምንታት እርምጃዋን ስናርም ከቆየን በኋላ አንድ ቀን እጇን ለቅቄ «እስቲ ብቻሽን ዙሪ» አልኳት። በቆመችበት ዞራ እዚያው ጨረሰች። ይገፋት የነበረው የእኔ እጅ ነው። እጅ ልክ ከአናት በላይ ሆኖ ከሲኒ አፍ ያልሰፋ ክብ ቢሠራ ይበቃል። አያያዙም ልል ይሁን፤ ሁለት ጣት ወደ ታች ሲሰጣት መዳፏ በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ይዞራል። በአውራ ጣት ቆልፎ መያዝ የእጅ አንጓንና ትከሻን ይጎዳል።

መሬት መሬት ማየት። ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እሱ ሲደፋ ሚዛን አብሮ ይሄዳል። ዐይን በመሪው ፊት ላይ ይተከል፤ ሰውነት ሲዞር አንገት እስከቻለ ድረስ ይቆይ፣ ከዚያ ፈጥኖ ዞሮ ያንኑ ፊት ይፈልግ። ራስ የሚያዞረው በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ እኛ ከቆምን በኋላም ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ ዐይንን መትከል ስሜቱን በጣም ይቀንሰዋል።

ነጻውን እጅ መበተን። በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሲሰበስቡ እንዴት እንደሚፈጥኑ ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ክንድ ታጥፎ ከሆድ ፊት ይቀመጥ።

በተረከዝ መዞርና የጎማ ጫማ። የሚዞረው ከጣቶች ሥር ባለው የውስጥ እግር ክፍል ነው። ጎማ ወለሉን ስለሚይዝ ሰውነት ሲዞር እግር ይቀራል፤ ጥምዘዛውን የሚሸከመው ጉልበት ነው። ሶሉ ቆዳ የሆነ ጫማ ይመረጣል።

አንዱ ዙር በደንብ ሳይስተካከል ወደ ሁለት ዙር መቸኮል። 7 ላይ ክብደቷ በግራ እግሯ ካላረፈ ቀጣዩን 1 በቀኝ እግሯ መርገጥ አትችልም። ስለዚህ ያለ መሪ፣ ያለ ሙዚቃ፣ መጀመሪያ ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ በመጨረሻም ሙሉውን መለማመድ ይሻላል፤ በእያንዳንዱ ማብቂያ ላይ ሳይንገዳገዱ ሁለት ምት ያህል ቆሞ መቁጠር ያስፈልጋል።