የተበላሸ የቪዲዮ ድምፅ ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብሬ ለባለቤቶቹ ላክሁ። በማግሥቱ የሙሽራዋ እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የአባቷን ምርቃት ምነው ቆረጥከው?» እኔ ምኑንም አልቆረጥኩም። ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ባዳምጥ ምርቃቱ ከነአሜኑ አለ። እሳቸው ስልክ ላይ ግን የአባትየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚሰማው ከሥር ያስገባሁት ክራር ብቻ ነው። ነገሩን ሳላጣራ ድምፁን በሙሉ ከፍ አድርጌ መልሼ ላክሁላቸው። ክራሩ ጎላ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ በአንድ መሣሪያ ብቻ አዳምጦ መፍረድና የችግሩን ዓይነት ሳይለዩ ድምፅ መጨመር። ጥፋቱ የነበረው ገመዱ ላይ ነው። ከአዳራሹ ሚክሰር የሚወጣው ገመድ አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልካል፤ በአንዱ ቀጥታውን፣ በሌላው ግልባጩን። የካሜራው ትንሽ መሰኪያ ደግሞ ሁለቱን ሽቦዎች የግራና የቀኝ ጆሮ ድምፅ አድርጎ ይቀዳቸዋል። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙት ግራና ቀኙ ለየብቻ ስለሚደርሱ ድምፁ መሃሉ የተቦረቦረ ከመምሰል በቀር አይጠፋም። አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያለው ስልክ ግን ሁለቱን ይደምራል፤ ቀጥታውና ግልባጩ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ቢያጎሉት ቢያጎሉት ዜሮ ዜሮ ነው። መድኃኒቱ አንዱን ጎን ሰርዞ የቀረውን ለሁለቱም ጎን መስጠት ነው። ሥራ ከማስረከብዎ በፊት ግራና ቀኙን አንድ ላይ ወደሚደምረው ሞኖ ቀይረው አንድ ጊዜ ቢያዳምጡ ደግሞ የእናትየው ስልክ አይደወልልዎትም።

በብሉቱዝ ማዳመጫ እየሰሙ «ድምፁ ከከንፈር ዘግይቷል» ብሎ ፋይሉን ማንሸራተትም የዚሁ ስህተት ዘመድ ነው። የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ማዳመጫው ነው። በገመድ ያረጋግጡ።

ድምፅና ምስል በእርግጥ አልገጥም ካሉስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲቸኩል አያለሁ። መግቢያው ላይ ያለችውን ጭብጨባ ወይም የበር መዘጋት ይዞ ያስተካክልና ይተኛል፤ ጠዋት የቪዲዮውን መጨረሻ ሲያይ ተናጋሪው ዝም ብሎ ድምፁ ይቀጥላል። ከመንካትዎ በፊት መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ይመልከቱ። ልዩነቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ከሆነ ማንሸራተት ይበቃል። መጠኑን ለማወቅ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ይረዳል፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛዋን «ኬ» ፊደል በተጫኑ ቁጥር ድምፁ 50 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፣ «ጄ» ደግሞ በዚያው ልክ ያስቀድመዋል። ስድስት ጊዜ ተጭነው ከገጠመ ልዩነቱ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው ማለት ነው፤ ያንን ቁጥር ይዘው ወደ ማቀናበሪያው ይሂዱ። ማጫወቻው ፋይሉን ራሱን አይለውጠውም። አንዳንዴ እንዲህ ያለው መዘግየት ከርቀት ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ ንግግሩን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ይሰማል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (አንድ በአንድ የሚነሳ ምስል) ለሚቀዳ ካሜራ ይህ ሁለት ፍሬም ተኩል ነው።

ልዩነቱ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ማንሸራተት ከንቱ ድካም ነው። የተለመደው ምክንያት ስልክ ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም እቀዳለሁ ይበል እንጂ ብርሃን ሲያንሰው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲሻለው ይጨምራል። ቋሚ ፍጥነት የሚጠብቅ ማቀናበሪያ ሲያገኘው ምስሉና ድምፁ ይለያያሉ። ቅንብር ሳይጀምሩ ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ቋሚ የፍሬም ፍጥነት መርጦ መለወጥ ይሻላል። ሌላው ምክንያት የአንዱን ቅጂ ድምፅ ከሌላው ቅጂ ምስል ጋር ማጋባት ነው። በሰከንድ 23.976 ፍሬም የነበረ ፊልም ወደ 25 ሲፈጥን የአንድ ሰዓቱ ሥራ በ57 ደቂቃ ተኩል ያልቃል፤ ይህንን የሚያስታርቀው ድምፁን መሳብ ወይም ማሳጠር ብቻ ነው።

ፊልሙ ቴሌቪዥን ላይ ምስል እያሳየ ድምፅ ሲነፍግ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ማለት ሌላው ችኮላ ነው። በፋይሉ ስም መጨረሻ የሚታየው ኤምኬቪ ወይም ኤምፒ4 የመሶቡ ስም ነው፤ ውስጡ የጤፍም የማሽላም እንጀራ፣ ማለትም የተለያየ የድምፅ ዓይነት ሊኖር ይችላል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሁሉንም ላይቀበል ይችላል። ለምሳሌ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባወጣቸው ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስ የተባለውን የድምፅ ዓይነት መቀበል ትቶ ነበር። ታዲያ ሙሉ ፊልሙን ለሰዓታት እንደገና መለወጥ፣ የምስሉንም ጥራት መቀነስ ምን አመጣው? እንደ ኤፍኤፍኤምፔግ ያለ ፕሮግራም ምስሉን ሳይነካ ድምፁን ብቻ ኤኤሲ ወደተባለው የድምፅ ዓይነት ይለውጥልዎታል፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከበሮ ሲመታ ወይም እልልታው ሲቀልጥ የተሰነጠቀን ድምፅ ዝቅ በማድረግ ማዳን አይቻልም። የሞገዱ አናት ተቆርጧልና ዝቅ ያለው ድምፅ ዝቅ ብሎ የተሰነጠቀ ነው። ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ያለው ማደሻ ለቀላሉ ጉዳት ይሞክራል፤ ከባዱን አይችለውም። ሲቀዱ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (ድምፅ መሰንጠቅ ከሚጀምርበት ወሰን) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቀር ያድርጉ።

ጉምጉምታን በተመለከተ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። አሜሪካ የተሠራ ማስተማሪያ ተመልክቶ 60 ኸርዝን (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ) የሚቆርጥ ሰው አዲስ አበባ የተቀዳው ጉምጉምታ ለምን እንዳልጠፋ ይገርመዋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ የሚቆረጠው 50፣ ከዚያም ብዜቶቹ 100 እና 150 ናቸው። ቨርጂኒያ ካለ ዘመድ የመጣ ቪዲዮ ከሆነ 60ው ልክ ነው። የቀረውን ሽሽታ ለመቀነስ ማንም የማይናገርበትን ሁለት ሰከንድ ለድምፅ ማጽጃው ናሙና አድርገው ይስጡት፤ የማጽጃውን መቆጣጠሪያ ግን እስከ ጥግ አይግፉት። ተናጋሪው በውኃ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። እኔ ትንሽ ሽሽታ ብተው እመርጣለሁ።

ከሁሉ የከፋው ዋናውን ፋይል በተስተካከለው መተካት ነው። የዚያ ሠርግ ዋና ቅጂ ሳይነካ ስለቆየኝ የተገለበጠውን ጎን ሰርዤ ምርቃቱን መለስኩ፤ ክራሩንም ወደ ቦታው ዝቅ አደረግኩትና ላክሁ። እናትየው ማታ ደወሉ። «ተባረክ ልጄ፣ አሁን ቃል በቃል ይሰማል።» ጥቂት ዝም አሉና ቀጠሉ፤ «ክራሩ ግን የትናንቱ ይሻል ነበር።»