በሁለት ሩቅ ኤርፖርቶች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ሰዓት እንዴት እናሰላለን?

ከቶኪዮ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚሄድ ትኬት ላይ መነሻው 17:00፣ መድረሻው ደግሞ በዚያው ቀን 10:00 ሊል ይችላል። ሳይነሱ መድረስ ይመስላል። ስህተት ግን የለውም። ራሳችሁ ስታሰሉት ነገሩ ይገለጥላችኋል፤ በዚሁ መስመር አብረን እንስራው።

መጀመሪያ ኤርፖርቱን ለዩ። የከተማ ስም ብቻ አይበቃም። ቶኪዮ ናሪታና ሃኔዳ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ኤርፖርቶች አሏት። ትኬቱ ላይ ያለውን ባለ ሦስት ፊደል ኮድ እዩ። እኛ ናሪታን እንያዝ።

ቀጥሎ ርቀቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ያጋድማል። ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ስለሚቀራረብ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ መብረር አጭር ይመስላል። ምድር ግን ክብ ናት። አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሉሺያን ደሴቶች አቅጣጫ ጎበጥ ይላል። ካርታው ላይ ቀጥ ያለው መስመር ከእሱ በ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል!

ይህን ለማየት እኔ ከኮምፒውተር ይልቅ ሉልና ክር እመርጣለሁ። በእጅ የለኩት ነገር አይረሳም። ክሩን ከአንዱ ኤርፖርት ወደ ሌላው ወጥሩት፤ አጭሩን መንገድ ራሱ ያገኘዋል። ከዚያ ለኩት። የሉሉ ዳያሜትር 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንዷ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ትይዛለች። ክሩ 20 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ይመጣል። ሲባዛ ወደ 8,700 ኪሎ ሜትር ነው። ትክክለኛው 8,770 ገደማ ነው፤ ለአንድ ቁራጭ ክር በጣም ጥሩ ውጤት ነው። ኢንተርኔት ላይ ካሰላችሁት መለኪያውን አስተውሉ። አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተራው ማይል ግን 1.609 ብቻ ነው።

አሁን ሰዓቱ። ትልልቅ ጄቶች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። 8,770ን ለ900 ስናካፍል 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ለመነሻውና ለማረፊያው ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ 10 ሰዓት ከሩብ።

ነፋሱንም አትርሱ። በዚህ መስመር ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በብርዱ ወራት ደግሞ ይበረታል። ወደ ሎስ አንጀለስ ስትሄዱ ከኋላ ስለሚገፋ ጉዞው ወደ 10 ሰዓት ዝቅ ይላል። ስትመለሱ ፊት ለፊት ስለሚገጥማችሁ 12 ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል።

ወደ ትኬቱ እንመለስ። እዚያ ያሉት ሰዓቶች የየከተማው ስለሆኑ በቀጥታ አትቀንሷቸው። መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ወደ ዩቲሲ፣ ቀይሯቸው። ቶኪዮ በ9 ሰዓት ትቀድማለች፤ 17:00 የነበረው 08:00 ይሆናል። ሎስ አንጀለስ በብርዱ ወራት በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ 10:00 የነበረው 18:00 ይሆናል። ልዩነቱ 10 ሰዓት፤ ከስሌታችን ጋር ገጠመ። ቀኑ ያልተለወጠው መሃል ላይ የቀን መለያውን መስመር፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩት ቀኑ በአንድ ወደ ኋላ የሚመለስበትን የፓስፊክ ውቅያኖስ ምናባዊ መስመር፣ ስለተሻገራችሁ ነው። ከማርች አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ግን ሎስ አንጀለስ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ ያኔ በ8 ፈንታ 7 ደምሩ። ቶኪዮ አትቀይርም።

ትራንዚት ካለ እያንዳንዱን በረራ ለብቻ አስሉና የመሃሉን ቆይታ ጨምሩበት።