ጠረጴዛና ገናን አስተካክሎ ለመጥራት

"ጠረጴዛ"ን ብዙ ሰው "ጠረፔዛ" ነው የሚላት፣ ለመግባባት ችግር የለውም ግን ማስተካከል ከፈለግክ መዳፍህን አፍህ ፊት አድርግና መጀመሪያ "ፓ" በል፣ ትንፋሹ እጅህን ይነካሃል። አሁን ትንፋሽህን ጉሮሮህ ላይ ያዝ፣ ከንፈርህን ግጠምና ድንገት ክፈት፣ ያ ነው "ጳ"፣ እጅህ ላይ ብዙም ነገር አይሰማህም። ተና ጠ፣ ከና ቀ፣ ቸና ጨም በዚሁ መንገድ ነው የሚለያዩት ስለዚህ አንዷን ከያዝክ ሌሎቹ ይቀላሉ።

የሚከብደው ማጥበቅና ማላላት ነው፣ ፊደሉ አያሳይማ! "ገና" ላይ "ና"ን ካላላህ "ቆይ፣ ገና ነው" የሚለው ይሆናል፣ ካጠበቅከው በዓሉ። ለማጥበቅ ምላስህን እዛው ትንሽ አቆይተህ ልቀቅ፣ መጮህ አይደለም (ብዙ ለማጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው)።

ሸዋ ገጠር "ፀጉር"ን "ጠጉር"፣ "ጸሎት"ን "ጠሎት" ሲሉ ብትሰማ ግን ስህተት እንዳይመስልህ፣ ያገሩ አነጋገር ነው፣ እኔ በበኩሌ ማረም አያስፈልግም ባይ ነኝ። "ቦሊስ"ና "ቴሌቢዥን"ም ያው ናቸው፣ ፐና ቨ በውጭ ቃላት የገቡ ድምፆች ስለሆኑ ነው። ለልምምድ ድምፅህን በስልክ ቅዳና ከዜና አንባቢ ጋር እያስተያየህ ስማው።