ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አጠገባቸው ተቀመጡ

ሶፍትዌር ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሥራውን ከሚሠራው ሰው አጠገብ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። አታስረዱ፣ አታርሙ። እጁን ብቻ ተመልከቱ።

እዚህ ጅማ ለአንድ ቡና ነጋዴ የመመዝገቢያ መተግበሪያ ስሠራ ክብደቱን ሁሉ በኪሎ አደረግኩት። የሚነካው ሰው ጠፋ። አንድ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ስቀመጥ ነው የገባኝ። መዝጋቢዋ እናት የሚያስቡት በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ እያንዳንዱን ቁጥር በ17 እያባዙ ነበር የሚያስገቡት። ደብተሩ ቢፈጥንላቸው ምን ይገርማል?

«እትዬ፣ እስቲ ደብተርዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ገጽ በገጽ አሳዩኝ። ጀንፈሉን (ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና) እና እሸቱን (ገና ያልደረቀውን ቀይ ፍሬ) ለየብቻ ይጽፋሉ፤ እኔ «ቡና» ብዬ አንድ ላይ ደርቤዋለሁ። ለየሁት። የፈረሱላ ምርጫም ጨመርኩ፤ ማባዛቱን ስልኩ ይሥራው። ኔትወርክ ሲጠፋ መዝገቡ ስልኩ ላይ እንዲቆይ ያሉትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ጠዋት የተማርኩትን ያህል ከየትኛውም ኮርስ አላገኘሁም።

ስትሄዱ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሰውየው ቆም ያለበትን፣ ወደኋላ የተመለሰበትን፣ ካልኩሌተር ያነሣበትን ቦታ ጻፉ። መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።